ኬሚካሉ ራሱ ፕሮቲኑን አይለውጠውም ወይ?

ጥያቄ፦ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ተመራማሪዎች ትሎች ውስጥ ያሉ የተለወጡ ፕሮቲኖችን በኬሚካል ምልክት እያደረጉ እንደሚያጠኑ መምህራችን ነገሩን። ትሏ ወስፋት ናት? ደግሞስ ኬሚካሉ ራሱ ፕሮቲኑን አይለውጠውም? ውጤቱስ እንዴት ይታመናል? (ተማሪዋ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ትሏ ባጭሩ ልንገርሽ። ወስፋት አይደለችም፤ የሩቅ ዘመዷ ናት። ሲ. ኤሌጋንስ ትባላለች። ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የበሰበሰ ፍራፍሬ ላይ ባክቴሪያ እየበላች ትኖራለች፤ ሰው ላይ ጉዳት የላትም። ዕድሜዋ ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሆነ እርጅናዋን ከመነሻው እስከ መጨረሻው መከታተል ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ከባድ ነው፤ ደስ ያለኝም እሱ ነው። አዎ፣ ኬሚካሉ ፕሮቲኑን ይለውጠዋል። ትልቁ ሥራ ድሮውኑ የነበረውን ለውጥ እኛ ካመጣነው መለየት ነው።

እኔ የምሠራው ሲስቴይን በሚባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ላይ ነው። ሰልፈር አለው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲያገኘው ኦክሲዳይዝ ይሆናል፣ ማለትም ኤሌክትሮን ያጣል፤ የፕሮቲኑም ሥራ ሊቀየር ይችላል። ችግሩ፣ ትሏን ስንፈጫት አየሩም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ትሎቹን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘን እንሰብራቸዋለን፤ ቆዳቸው ጠንካራ ነውና። ወዲያው ጠንካራ አሲድ ውስጥ እንከታቸዋለን። አሲዱ ሲስቴይኑን ባለበት ያቆመዋል። ለእኔ የሙከራው ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። እዚህ የተበላሸውን የትኛውም ውድ ማሽን አያስተካክለውም።

ከዚያ ሁለት ምልክቶች እንጠቀማለን። መጀመሪያ ቀላሉ ምልክት ኦክሲዳይዝ ያልሆኑትን ሲስቴይኖች ይይዛል። ቀጥለን ኦክሲዳይዝ የሆኑትን በኬሚካል ወደነበሩበት እንመልሳቸውና በከባዱ ምልክት እንይዛቸዋለን። ሁለቱ በኬሚካዊ ባሕርያቸው አንድ ናቸው። ከባዱ ውስጥ ግን ዘጠኝ ካርቦኖች ከተራው በሚከብደው በካርቦን 13 ስለተተኩ በ9 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይበልጣል። ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ማሽን፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ ይህን ልዩነት ያያል። ቀላሉ 70 እጅ፣ ከባዱ 30 እጅ ከሆነ፣ ያ ሲስቴይን 30 በመቶው ኦክሲዳይዝ ሆኗል ማለት ነው። የፕሮቲኑ መጠን ቢበዛም ቢያንስም ሒሳቡ አይዛባም።

ይህ ዘዴ ኦክስአይካት ይባላል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዋ ኡርሱላ ጃኮብና ባልደረቦቿ በ2012 እ.ኤ.አ. በሲ. ኤሌጋንስ ላይ ያወጡት ሥራ ብዙዎቻችንን አስገርሟል። ኦክሲዳይዝ መሆን የእርጅና ነገር ብቻ ይመስለን ነበር። እነሱ ግን ገና በማደግ ላይ ባሉ እጮች ውስጥም ከፍተኛ ፐርኦክሳይድ አገኙ።

እንዴት ይታመናል ላልሽው፣ አንድ ናሙና ወስደን ሲስቴይኖቹን በሙሉ አስቀድመን ከኦክሲዴሽን እናላቅቃለን። ያኔ ከባዱ ምልክት ጨርሶ መታየት የለበትም ማለት ይቻላል። ከታየ፣ ቀላሉ ምልክት ሥራውን አልጨረሰም፤ ቁጥሮቹንም አናምናቸውም። የትሏ አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያም የራሱን ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ትሎቹ ከመቀዝቀዛቸው በፊት ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ አቆይተን አንጀታቸውን እንዲያራግፉ እናደርጋለን።

የምርምር ጽሑፍ ስታነቢ ታዲያ በቀጥታ ወደ አሠራሩ ክፍል ሂጂ። ትሎቹ አሲድ ውስጥ የገቡት መቼ ነው? ኦክሲዴሽኑን የሚገታ ነገር ሳይኖር ከተፈጩ በኋላ ከሆነ፣ ግራፉ የቱንም ያህል ቢያምር እኔ አልቀበለውም። አንድ ነገር ግን አትርሺ፦ የምታዪው ቁጥር የብዙ ትሎች አማካይ ነው። ለውጡ ጡንቻ ውስጥ ይሁን ነርቭ ውስጥ ይህ ዘዴ ብቻውን አይነግርሽም።