የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወደ ጫካው ፏፏቴ ደርሶ መልስ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምንኖር ስምንት የሥራ ባልደረቦች ነን። በኅዳር አንዱን እሑድ በሐረርጌ ደጋ፣ ጫካ ውስጥ ያለ አንድ ፏፏቴ አይተን በዚያው ቀን ልንመለስ አስበናል። ቦታውን የሚያውቀው ጓደኛችን «ከመኪና መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቁልቁለት ስለሆነ አይከብድም» ይለናል። በስንት ሰዓት ብንነሳ ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ስለ መሄጃው ነው፤ ቀኑን የሚወስነው ግን መመለሻው ነው። ጠዋት በቀላሉ የወረዳችሁትን ቁልቁለት የምትወጡት ከሰዓት በኋላ፣ ጉልበት ሲዝል ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

በኅዳር በእኛ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። ዛፍ በሸፈነው ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጨላልማል። መኪናው ጋ የምትደርሱበትን የመጨረሻ ሰዓት 10፡30 አድርጉት። አንድ ሰው በደህና መንገድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። ስምንት ሰው በጫካ ሲሄድ ግን አንዱ ጫማውን ሲያስር፣ ሌላው ፎቶ ሲያነሳ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጥሩ ነው። በዚህ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት 1 ሰዓት ይጨመራል። ፏፏቴው ከመንገዱ 450 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው እንበል። መመለሻው ለርቀቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ለዳገቱ 45 ደቂቃ፣ በድምሩ 2 ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ለድካምና ለመዘግየት የዚህን ሩብ ጨምሩበት፤ ወደ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይመጣል። ይህ ከ10፡30 ላይ ሲቀነስ ፏፏቴውን ቢዘገይ ቢዘገይ 7፡40 ላይ መልቀቅ አለባችሁ ማለት ነው። ለመውረድ 2 ሰዓት፣ ለማረፍና ለምሳ 1 ሰዓት ተኩል ከያዛችሁ፣ በእግር መንቀሳቀስ ያለባችሁ ከ4 ሰዓት በፊት ነው። 3 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ትርፍ አንድ ሰዓት ይኖራችኋል፤ እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ከድሬዳዋ የምትነሱበትን ሰዓት በመኪናው ጉዞ ርዝመት ወስኑ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግን አይለፍ።

አሁን ዋናው ነገር፦ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። 6፡30 ሆኖ ፏፏቴው ካልደረሳችሁ ካላችሁበት ትመለሳላችሁ። ይህን ከዋዜማው ሁሉም ይስማማበት፤ የውሃው ድምፅ መሰማት ከጀመረ በኋላ «ትንሽ ነው የቀረን» የማይል ሰው አይገኝም። መንገድ ላይ ስትጠይቁም «ሩቅ ነው ወይ?» አትበሉ፤ ለለመደው ሁሉም ቅርብ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድና ስንት ጅረት እንደሚያሻግር ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው በቀበሌው በኩል የአካባቢውን ወጣት መሪ አድርጎ መያዝና ክፍያውን አስቀድሞ መነጋገር ነው። መንገዱ በጫት ወይም በማሽላ ማሳ የሚያልፍ ከሆነ ባለማሳውን የሚያስፈቅድላችሁም እሱ ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 2,400 ሜትር ላይ ከመኪና ስትወርዱ ብርዱ ሌላ ነው። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ሹራብና በፌስታል የታሰረ ደረቅ ቲሸርት ይበቃል። ሹፌሩ ደግሞ ሌሊቱን የተኛ ሰው ይሁን። የደንገጎን ጠመዝማዛ በድካምና በጨለማ መውረድ ከጫካው የባሰ አደጋ አለው።

ጥያቄ፦ ፏፏቴ የሚያምረው ውሃው ሲበዛ ስለሆነ ነሐሴ ላይ መሄድ እንፈልጋለን። ሰማዩ የጠራበትን ቀን ብንመርጥ አያሰጋም አይደል? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ያሰጋል። ለናንተ ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ቦታ የሰጠነውም ለዚህ ነው። ደራሽ ውሃ ከቆማችሁበት ሰማይ አይመጣም፤ የሚመጣው ከላይ፣ ከተራራው ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ጎርፉን ያመጣው በደጋው የጣለው ዝናብ ነበር። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ውሃው የሚሰፋበት ሜዳ ስለሌለ ከፍታው በደቂቃዎች ይጨምራል።

ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይሻላችኋል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ምንጮቹ ገና አልነጠፉም፣ ውሃውም ይጠራል። በጥር የምትሄዱ ከሆነ ከቀጭን ጅረት ብዙ አትጠብቁ።

በየትኛውም ወር ቢሆን ጅረት ስትሻገሩ ውሃው ጠርዙን የሚነካ አንድ ድንጋይ ለዩ። ፏፏቴው ጋ ስትደርሱም እንዲሁ አድርጉ፤ በየሩብ ሰዓቱም አንድ ሰው ይየው። ድንጋዩ ከተሸፈነ፣ የጠራው ውሃ ቡናማ ከሆነ፣ ቅጠልና ጭራሮ መምጣት ከጀመረ ወይም ድምፁ ወደ ማጉረምረም ከተለወጠ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳትቆዩ ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ውጡ። በሸለቆው ወለል ወደ ታች መሮጥ ከጎርፍ ጋር እሽቅድምድም ነው፤ ጎርፉ ይቀድማል።

ከጉልበት በላይ የሆነ ፈጣን ውሃ አይሻገሩትም። ከዚያ በታች ከሆነ የቦርሳችሁን ማሰሪያ ፍቱ፣ በዱላ ተደግፋችሁ ፊታችሁን ወደ ውሃው መምጫ አዙሩና ጎን ለጎን ተራመዱ። ከፏፏቴው አናት በላይ ግን ውሃው ቁርጭምጭሚት ቢሆን እንኳ አትሻገሩ። አንዴ የተንሸራተተ ሰው የሚያርፍበት ቦታ የለም። የሞላው ውሃ ካገዳችሁ ጠብቁት፤ ዝናቡ ካቆመ ትንሽ ጅረት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጎድልበት ጊዜ ብዙ ነው።

መብረቅ ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትደርሱ ከሰማችሁ ከውሃው ውጡ፣ ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍም ራቁ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ።

ጥያቄ፦ የስፖርት ሸራ ጫማ ይበቃል ወይ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሶሉ ካላለቀ ለደረቅ መንገድ ይበቃል። ችግሩ ፏፏቴው አጠገብ ነው። ውሃ የሚረጨው ድንጋይ ላይ የሚይዘው አረንጓዴ ዝልግልግ ለስላሳ ሶልን አያቆምም፤ ቦይ ቦይ ያለው ጎማ ሶል ይምረጡ። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አያስመርቁ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከተማ ውስጥ ይልመድዎ። ቁልቁለት ሲጀምሩ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ያጥብቁት፤ አለበለዚያ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍር ይጠቁራል። ተረከዝ መሞቅ ሲጀምር፣ ውሃ ሳይቋጥር፣ ፕላስተር ይለጥፉበት። ወለምታ ከደረሰ ጫማውን አያውልቁ፤ ካበጠ ተመልሶ አይገባም። ከነጫማው በፋሻ አስረው፣ በዱላና በሰው ተደግፈው ይውጡ።

ጥያቄ፦ ስንት ሊትር ውሃ እንያዝ? የፏፏቴው ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ከዚያ ብንጠጣና ብንዋኝስ? ጫትስ መያዝ ይቻላል? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ ለአንድ ሰው 3 ሊትር። በእግር ለሚሄዱበት ለያንዳንዱ ሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በፀሐይ ለሚወጡት ዳገት እስከ 1 ሊትር ይታሰባል። ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ ግማሹ በእጅዎ ከሌለ በጣም ጠጥተዋል ማለት ነው። ላብ ለሚያበዛ ሰው በ1 ሊትር የተፈላ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ይያዙ። ለምግብ ቆሎ፣ ቴምር፣ ዳቦና ብርቱካን ከወጥ ይሻላሉ፤ አይፈሱም፣ አይበላሹም።

የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ከላይ ከብት ይጠጣበታል። ጎንበስ ብሎ በአፍ መጠጣት ደግሞ አልቅት ያስገባል፤ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ለቀናት የሚያደማው እሱ ነው። የግድ ከሆነ በጨርቅ አጥልለው ያፍሉት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ዋናን በተመለከተ፣ ቢልሃርዝያ በምሥራቅ ሐረርጌ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ውሃው ቀስ በሚልበት፣ ሣር በበዛበት ዳር ነው። ከፏፏቴው ሥር ከሚናወጠው ውሃ ይልቅ ዝቅ ብሎ ያለው ጸጥተኛ ኩሬ ያሰጋል፤ ሕጻናት የሚመርጡት ግን እሱን ነው። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየ ጤና ጣቢያ ሄደው ውሃ ውስጥ እንደገቡ ይንገሩ። መድኃኒት አለው። ከድንጋይ ላይ መዝለል ግን በፍጹም አይቻልም፤ ከአረፋው ሥር ያለው አይታይም።

ጫት ረሃብንም ድካምንም ይደብቃል፣ ልብ ምትንም ይጨምራል። ዳገት ላይ ሰውነትዎ «በቃኝ» ሲል መስማት ያስፈልግዎታልና፣ ከተመለሱ በኋላ ይሁን።