መልስ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ለተማሪ በፍሬ ሲጋራ ስለሚሸጠው ሱቅ
ባለሱቁ «18 ሞልቷቸዋል» ማለቱ አያድነውም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። በፍሬ መሸጥ ደግሞ ለብቻው ጥፋት ነው። የዕድሜ ክርክሩን ተወውና በዚህ ያዘው፤ የፓኬት ዋጋ የማይችል ተማሪ የሚጀምረው በፍሬ ነውና።

ቀኑን፣ ሰዓቱን (ፈረቃ ሲወጣ ልብ በል) እና የሱቁን ቦታ ጻፍ። በወላጅ ኮሚቴው ስም ለከተማው ምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አስገባ፣ ግልባጭ ለቀበሌ። ወደ ፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ 8482 መደወልም ይቻላል። የተከፈተ ፓኬትና በክር የተንጠለጠለ ላይተር ካለ እሱንም ጥቀስ፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ በዓይኑ የሚያየው ያንን ነው።

ለማስረጃ ብለህ ግን ልጅ ልከህ አታስገዛ። «ራሳቸው ልከውት ነው» ይልና ነገሩ ወደ አንተ ይዞራል።