መልስ፦ የራሳችን ተፈናቃይ እያለ ለስደተኛ ግዴታ አለብን ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ሶማሌ ክልል ባለው የቆሎጂ ተፈናቃዮች መጠለያ የራሳችን ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ ድሬዳዋ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር የየመን ቤተሰብ መንግሥት ምን ግዴታ አለበት ብለሃል። አለበት። የቆሎጂው ሰው ዜጋ ነው፤ መብቱን ከገዛ መንግሥቱ ይጠይቃል፣ መጠየቅም አለበት። የመናዊው ግን ከኋላው የሚጠይቀው መንግሥት የለውም።

እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር ስደተኛን መመለስ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ ጦርነት የሸሸውንም ይጨምራል፤ ሸክሙ የከበደው አገር ሌሎቹ እንዲያግዙት መጠየቅ እንደሚችልም ይደነግጋል።

እኛ የምሥራቅ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። በኦጋዴን ጦርነት የእኛ ሰው ወደ ሶማሊያና ጅቡቲ ሸሽቷል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሰሜን ሶማሊያዋ ሐርጌሳ በአየር ስትደበደብ ደግሞ ሕዝቡ ወደ እኛ መጣ፤ እዚህ የተጠለሉበት ሐርትሼክ ያኔ በዓለም ካሉት ግዙፍ መጠለያዎች አንዱ ነበር። ዛሬም የሐረርጌ ልጅ በጅቡቲዋ የወደብ ከተማ በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግሮ የመን ይገባል። እዚያ ደግ ሰው እንዲገጥመው የምትጸልይ እናት በየሰፈራችን አለች።

የየመናዊውን ቤተሰብ ልጆች ትምህርት በተመለከተ፣ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስደተኛውንም ጥገኝነት ጠያቂውንም እንደ ዜጋ ያያል። ትምህርት ቤቱ «ወረቀት የላቸውም» ብሎ ከመለሳቸው፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ዘንድ ይመዝገብ። አማርኛ ካልቻሉ እባክህ አብረሃቸው ሂድ።