«ጎኔይስ» ስንል ማንን ማለታችን ነው? ጥያቄና መልስ

አዲስ ኪዳን «ወላጆች» ለማለት ስለሚጠቀምበት የግሪክ ቃል ጠይቁኝ። አደራ፣ መጀመሪያ ጥቅሱን አንብቡ፤ መዝገበ ቃላት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃሉ ምንድን ነው?
መልስ፦ ጎኔይስ። «ወላጅ» ከ«ወለደ» እንደወጣ ሁሉ ሥሩ መውለድ ነው። በአዲስ ኪዳን ሁሌም በብዙ ቁጥር ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሉቃስ 2፥41 ዮሴፍንም ጨምሮ «ወላጆቹ» ሲል ድንግልናዊ ልደቱን አያፈርስም?
መልስ፦ በፍጹም። ያንኑ ብሥራት በምዕራፍ 1 የጻፈው ሉቃስ ራሱ ነው። ቃል በሥሩ ብቻ አይፈታም። የጥንት ገልባጮችም ተጨንቀውበታል፤ 2፥43 ላይ አንዳንዱ ቅጂ «ወላጆቹ»፣ ሌላው «ዮሴፍና እናቱ» ይላል።

አንድ አባል፦ ያልወለደ ወላጅ አይባልም!
ሌላ አባል፦ እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጣ» ሲሉኝ እጇን ይዤ የምሄደው እሷን ነበር። ማንም አልመለሳትም።
የመጀመሪያው፦ እንጀራ እናትስ?
መልስ፦ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። የአክስትየው ነገር ግን ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ዕብራውያን 11፥23 ላይ ሙሴን «ወላጆቹ» ሸሸጉት ይላል። ግሪኩ ግን «ፓቴሬስ»፣ «አባቶች» ነው። ስህተት ነው?
መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ስህተት አይደለም። ግሪኮች አባትና እናትን አንድ ላይ «ፓቴሬስ» ይሉ ነበር። ደግሞ ዘጸአት 2፥2ን እዩ። በዕብራይስጡ የሸሸገችው እናቱ ብቻ ናት። የሰባው ሊቃናት ትርጉም፣ ማለትም ጥንታዊው የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም፣ ግን «አይተው ሸሸጉት» ይላል፣ በብዙ ቁጥር። ሕፃኑን «ያማረ» የሚለው የግሪክ ቃል እንኳ በዚህ ትርጉምም በዕብራውያን 11፥23ም አንድ ነው። የዕብራውያን ጸሐፊ ያነበበው ግሪኩን ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስለዚህ «ፓቴሬስ» ሁልጊዜ ወላጆች ነው?
መልስ፦ ሁልጊዜ አላልኩም። ጥቅሱን አንብቡ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ በግሪክ ወላጅ ምን ይባላል?
መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ተመልሷል። እባክህ አንብብ።

ጥያቄ፦ ኤፌሶን 6፥4 «ልጆቻችሁን አታስቆጡአቸው» የሚለው እናቶችንም ነው? ባለቤቴ «ላንተ ነው» ትለኛለች።
መልስ፦ እንደኔ ባለቤትህ ልክ ናት። ጳውሎስ ቁጥር 1 ላይ «ጎኔይስ» ብሎ ቁጥር 4 ላይ ወደ «ፓቴሬስ» ዞሯል። ሁለቱንም ማለት ቢፈልግ የመጀመሪያው ቃል እጁ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን የቤቱ ሥልጣን ያለው አባት ጋ ነው፤ ስለዚህ ልጅን እንዳያስመርር የሚነገረውም እሱ ነው።