«ልብሱን ሸጦ ሰይፍ ይግዛ» ሲል ሽጉጥ ግዛ ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «መሣሪያ የምንይዘው መንግሥት አምባገነን እንዳይሆንብን ነው» ይላሉ። ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል፤ ጌታም «ሰይፍ ይግዛ» ብሏል። እኔም ሽጉጥ ልገዛ ነው። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ሕጉ ባልደረቦችህ አልዋሹህም። መሣሪያ የመያዝን መብት የሚጠብቀውን፣ በፈረንጆቹ 1791 የጸደቀውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ ያወጡት ከእንግሊዝ ንጉሥ ጦር ጋር ተዋግተው ነፃ የወጡ ሰዎች ናቸው። ቋሚ ሠራዊት ያስፈራቸው ነበር። በ2008 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዋሽንግተን ዲሲን የሽጉጥ እገዳ ሲሽር፣ ሰው በቤቱ ራሱን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ መብቱ ነው አለ። ቤትህን ለመጠበቅ በሕግ ብትይዝ አልገዝትህም። ልጆች ካሉህ ግን ቆልፍበት።

የምሟገትህ በጥቅሱ ነው። ይህን ጥቅስ ይዞ የሚመጣ ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። ሽጉጡን ጠበል እርጩልኝ ያለኝም አለ! (አልረጨሁም።) ሁሉም ሉቃስ 22፥36 ላይ ያቆማል። እስቲ ሁለት ቁጥር ዝቅ በል። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ አለን ሲሉት «ይበቃል» አላቸው። ለዚያ ሁሉ ሰው ሁለት ሰይፍ! በዚህ የሮምን መንግሥት ሊገዳደሩ ነው?

ከዚያ ጌቴሴማኒ ደረሱ። ሊይዙት የመጡት ባለሥልጣናት የላኳቸው ናቸው፤ ፍርዱም ጠማማ ነበር። ጴጥሮስ ሰይፉን መዞ የማልኮስን ጆሮ ቆረጠ። ባልደረቦችህ የሚሉህ ይህንኑ አይደል? ጌታ ግን ጆሮውን ፈወሰ፤ ጴጥሮስንም ሰይፍህን ወደ ሰገባው መልስ አለው።

«አባቶቻችን ታቦት ይዘው አድዋ ዘምተው የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ዘምተዋል። የዘመቱት ግን በንጉሥ አዋጅ፣ ወራሪ ሊመልሱ ነው። እያንዳንዱ ዳኛም ወታደርም ራሱ ሆኖ በገዛ መንግሥቱ ላይ ቃታ ልሳብ ሲል ሌላ ነገር ነው።

መንግሥት ሲበድል ዝም በል አላልኩህም። ናታን ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው ሰይፍ መዞ አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስም ሄሮድስን ገሥጾ አንገቱን ሰጠ። አንተ ደግሞ ዜጋ ከሆንክ የምትመርጥበት ካርድ አለህ። ባለፈው መርጠሃል?

ከመግዛትህ በፊት ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ማንን አስበህ እንደምትገዛውም አትደብቃቸው፤ ሌባ ከሆነ ሌባ፣ ፖሊስ ከሆነ ፖሊስ በል።