ዳኛው «ተቃወሙ» ወይስ «ተለዩ»?

ጥያቄ፦ አንድ ጋዜጣ «ዳኛው ሕገ መንግሥቱን ጠቅሰው የሞት ቅጣትን ተቃወሙ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ስለዚያው ጉዳይ «የሞት ፍርዱን ተቃወሙ» አለ። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ሰፊ ነው። ቅጣት በሕግ ተጽፎ የሚቀመጥ ነው፤ ፍርድ ደግሞ በአንድ ሰው ላይ የሚወርድ። ግሦቻቸውም ይለያያሉ። ቅጣት ይደነገጋል፣ ይቀራል፤ ፍርድ ይሰጣል፣ ይጸናል፣ ይሻራል፣ ይፈጸማል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. ፈርማን በተባለ ተከሳሽ ስም በሚታወቀው መዝገብ የቀረቡለትን የሞት ፍርዶች 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሻረ። ከአምስቱ ዳኞች ግን ቅጣቱ ራሱ ምንጊዜም ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ያሉት ብሬናንና ማርሻል ብቻ ነበሩ። ሦስቱ የነቀፉት ቅጣቱ የሚጣልበትን መንገድ ነው። «አምስት ዳኞች የሞት ቅጣትን ተቃወሙ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሦስቱን ያላሉትን ያሰኛቸዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ግሡ ነው። «ተቃወመ» ከ«ቆመ» የወጣ ነው፤ ፊት ለፊት ተጋፍጦ መቆም። ለሰልፈኛ ይስማማል። ዳኛ ግን አጥብቆ የሚጠላውን ሕግ ሊያጸና ይችላል። በዚያው መዝገብ ዳኛ ብላክመን የሞት ቅጣትን እንደሚጸየፉ ጽፈው ሲያበቁ፣ ሕገ መንግሥቱ አይከለክለውም ብለው ከአብላጫው ተለዩ። በ1994 ደግሞ በሌላ መዝገብ፣ አሁንም ከአብላጫው ተለይተው፣ ቅጣቱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ሊታረቅ አይችልም አሉ። ጥላቻቸው ያው ነው፤ የተለወጠው የሕግ አቋማቸው ነው። «ተቃወሙ» ይህን አይነግረንም፤ «ተለዩ» ብቻውንም አይበቃም፤ ምን ብለው እንደተለዩ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ ዳኛው በአነስተኛው ድምፅ በኩል ከነበሩ፣ «የሞት ቅጣት ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል በማለት በሐሳብ ተለዩ» ይባል። ረዘመ የሚል አርታኢ ይኖራል፤ ይርዘም። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት 11 ዳኞች በ1995 በአንድ ድምፅ ቅጣቱን ሲያስቀሩ ግን የተለየ ዳኛ አልነበረምና «ወሰኑ» ነው ትክክሉ።

«ይቃረናል» ያልሁትም በምክንያት ነው፤ ሰው ሕግን ይቃወማል፤ ሕግ ግን ከሕግ ጋር ይቃረናል እንጂ አይቃወምም። «ቅጣቱ ሕገ መንግሥቱን ይቃወማል» የሚል ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር ቅጣቱ መፈክር ይዞ አደባባይ የወጣ ይመስለኛል።