ፔጆ 404 ላይ የቶዮታ ሞተር ልታስገባ ላሰብከው ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት። ከሐረር የገዛሃት ፔጆ 404 ዘይት ትበላለች፣ መለዋወጫ አጥተህላታል፣ ስለዚህ ከዲኤክስ ኮሮላ የወጣ ሞተር ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) ልትገጥምላት ነው። «የሞከረ ሰው አለ?» ብለሃል። አለ። የእኔም 404 ናት። እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምትውለው፣ ዛሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሳትቆም ትወጣለች። ግን በቶዮታ ሞተር አይደለም፣ በፔጆ 504 ሞተር ነው። ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ ለዚህ ነው።

1. ሞተሩን ተወውና መጀመሪያ መኪናዋ ስር ግባ። ሰው ሁሉ የሚለካው ኮፋኖ ስር ያለውን ቦታ ነው። ቦታውስ አይጠፋም፣ ሱፖርቶም (የሞተር መያዣው) ይበየዳል። ጣጣው ያለው ከካምቢዮው ኋላ ነው። የኮሮላ ትራስሚሲዮን (የካምቢዮውን ዙር ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ) እርቃኑን ነው የሚሽከረከረው፣ ክሮቼራ (ተጣጣፊ መጋጠሚያ) አለው። የ404 ትራስሚሲዮን ግን ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ከኋላ ከዲፈረንሻሉ (ዙሩን ለሁለቱ የኋላ ጎማ ከሚያካፍለው) ጋር በቡሎን ጥርቅም ብሎ ታስሯል። ከፊት ደግሞ የካምቢዮው ጭራ ላይ ባለ ኳስ ያርፋል። ይህ ቱቦ መሸፈኛ እንዳይመስልህ። የኋላ ጎማ መሬቱን ሲገፋ መኪናዋ ወደ ፊት የምትገፋው በእሱ በኩል ነው። ነዳጅ ስትረግጥ ዲፈረንሻሉ በራሱ ላይ እንዳይዞር የሚይዘውም እሱ ነው። ባልስትራ (ተደራራቢ የብረት ልጥ) ቢኖራት ሌላ ነገር ነበር። የቤት መኪናዋ ግን ከኋላም ሞላ ናት፣ ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ ይህን አይችልም።

የቶዮታ ካምቢዮ ለዚያ ኳስ ቦታ የለውም። እኔም እንደ አንተ የቶዮታ ሞተር ላስገጥም ጋራዥ ሰጥቻት ነበር፣ ይሄን ለጋራዡ ሰዎች አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። «ለኩ እንጂ ምንም እንዳትቆርጡ» ብዬ ለሥራ ጅቡቲ ሄድኩ። ስመለስ ቱቦው ለሁለት ተቆርጦ ጥግ ላይ ተጥሏል! በምትኩ ክፍት ትራስሚሲዮን ገጥመው፣ ዲፈረንሻሉን እንዲይዝ ብለው ሁለት ክንድ ከላሜራ ሠርተው በይደውበታል። «አብሽር፣ ከፋብሪካው ይበልጣል» አለኝ ኃላፊው። ከተማ ውስጥ ሜዳው ላይ ሄደች። ወደ ሐረር ስወጣ ግን ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ብየዳው ለቀቀ፣ ዲፈረንሻሉ ተጠማዘዘ፣ ክሮቼራው ተበጠሰ። ከኋላዬ የተጫነ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ነበር። አላህ ነው ያወጣኝ። ጋራዡ እስከ ዛሬ ብሬን አልመለሰም፣ ይቅርታም አላለም። እኔን ያናደደኝ ከብሩ በላይ ቱቦው ነው። ብር ይመጣል፣ የ404 ቱቦ ግን ሱቅ ሄደህ የምትገዛው ዕቃ አይደለም።

ሐረር ታክሲዎቹ 404 ስለነበሩ አሮጌ እየፈታ የሚሸጥ ሰው ፈልጌ ሌላ ቱቦ አገኘሁ። ኳሱ የሚቀመጥበት ግን ተበልቷል። እሱን ያስተካከሉልኝ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ ናቸው። ፔጆ የሚያውቅ ከፈለግህ እንደ እሳቸው ያሉትን አባቶች ለገሃሬ አካባቢ ጠይቅ። በፈረንሳዮቹ ማሽን የሠሩ ናቸው፣ ሳይለኩ ብረት አይነኩም።

2. ሞተር መቀየርህ የግድ ከሆነ የ504 ሞተር ፈልግ። የ404ቱ ሞተር 1618 ሲሲ ነው። የ504ቱ 1796 ወይም 1971 ሲሲ ሲሆን ከዚያው ዘር የወጣ ነው። እንደ 404ቱ 45 ዲግሪ ጋደም ብሎ ይቀመጣል፣ የራስህ ካምቢዮም ይይዘዋል። ፍሪሲዮኑና ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) እንደ ዓመተ ምርቱ ስለሚለያይ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠህ አወዳድር። ማርሚታውና የራዲያተር ጎማው ትንሽ ሥራ ይፈልጋሉ። ካምቢዮህ ደህና ከሆነ ግን አትንካው። «504 ነው» ብለው ካምቢዮ ቢያመጡልህ ዞረህ ጭራውን እይ፣ ሁሉም ያ ኳስ የለውም።

«ያረጀ ፔጆ ላይ ምን ታደርጋለህ» የሚሉህን አትስማ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው 404 ነው። በ1963 እና በ1968 መጨረሻው ላይ የደረሱት ሰባት ሰባት መኪኖች ብቻ ነበሩ። በዚያ ጭቃና ድንጋይ የሄደችው በዚሁ ቱቦ ነው።

3. ወረቀት። ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት ወረቀቱን ያዝ። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ ቦሎ ስትሄድ ቁጥሩ ካልገጠመ ትመለሳለህ። እኔ የሽያጭ ውል ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ይሄ ሞተር ከየት መጣ?» አለ። ውሉን አሳየሁት። «ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ወረቀቴን በመስኮቱ ወረወረልኝ። ማስረጃ መጠየቁ ሥራው ነው፣ አልቃወምም። ግን ምን ይዤ ልምጣ ስለው «ራስህ እወቅ» ማለት ምን የሚሉት ነው? አንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሲልከኝ፣ ያኛው ሲመልሰኝ ከረምኩ። ነገሩን የፈታው ሞተሩ የወጣባት የ504ቱ የራሷ ሊብሬ ነው። የሻጩን ልጅ ለምኜ ከአባቱ ሳጥን አስወጣሁት። አንተ ቀብድ ሳትከፍል የመኪናዋን ሊብሬ ኮፒ ጠይቅ፣ የሞተሩን ቁጥር ብሎኩ ላይ በዓይንህ አይተህ አመሳክር። ወረቀት የለውም ካሉህ ሞተሩ በነጻም ቢሰጥህ አትውሰድ።

የዲፈረንሻል ዘይትም አለ። የ404 ዲፈረንሻል የሚሠራው በጠመዝማዛ ጥርስና በነሐስ ጥርስ ነው። ለዘመናዊ ዲፈረንሻል የተሠራው ዘይት ድኝ አለበት፣ ነሐስ ይበላል። ዘይት ቀያሪው ያገኘውን እንዳይሞላብህ። ማራገቢያዋም ሞተሩ ሲሞቅ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዛ የምትዞር ናት። ደንገጎን ከመሞከርህ በፊት ድሬ ላይ በቀትር አቁመህ አስነሳትና መያዟን አረጋግጥ።

አሁን ደግሞ አንተ ያልጻፍከውን ልጠይቅህ። ዘይት ትበላለች አልክ እንጂ ሞተሯ ተፈቶ ታይቷል? የ404 ሞተር ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ተነቅሎ የሚቀየር ነው። ብሎኩና ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ደህና ከሆኑ ካሚቻ፣ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይረህ በራሷ ሞተር፣ በራሷ ቁጥር ትሄዳለህ። ቢሮም መሄድ የለብህም። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) አስወርድና ካሚቻውን አስለካ። ልኩን እዚህ ጻፍልኝ፣ ሐረር የማውቃቸውን የድሮ ታክሲ ባለቤቶች እጠይቅልሃለሁ።